ዘጠኝ ከአሥር

የሰው ደብተር ማረም ካቆምሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ቀይ እስክሪብቶ ግን እስካሁን ከኮቴ የደረት ኪስ አይጠፋም። ጎንደር ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶዬን ስጠጣ የሚያውቁኝ ባጃጅ ነጂዎች «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊጥሉ ነው?» እያሉ ይተርቡኛል። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ነበሩ፣ ግማሾቹ የተማሪዎቼ ልጆች ናቸው። እኔም «የወደቀ አልጥልም» እላቸዋለሁ፤ ተሳስቀን እንለያያለን። ባለፈው ሰሞን ግን ያን እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ ልጽፍበት ስል እጄ ላይ ቀረ። ነገሩን ያመጣችው ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ ድርሰት ጽፋችሁ አምጡ ብሏቸው፣ እሷ ደግሞ እንደ ዘመኗ ልጅ ራሷን ማድከም አልፈለገችም፤ ከትምህርት ቤታቸው አጥር ሥር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት የተዘጋጁ ድርሰቶች ጥራዝ ገዝታ መጣችና «አባባ፣ ከነዚህ የትኛውን ብሰጠው ይሻለኛል?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነው፣ ቀለሙ ይሸታል፤ ያ ሽታ የዱሮውን የስቴንስል ማባዣ፣ ጣት ላይ ለሳምንት የሚቀረውን ጥቁር ቀለም አስታወሰኝና ቁጣዬን አበረደው። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። ሦስተኛው ድርሰት ላይ ስደርስ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት በገዛ እጄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተመደብሁት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ወዳለችው የደጋ ከተማ፣ ስሙን ወደማልጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከጎንደር የወጣሁበት አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና ሁለት በግ ጭኖ ነበር። አራት ኪስ ያለው ሳፋሪ ኮት አሰፍቼ፣ ቤል ቦተም ሱሪ ታጥቄ፣ ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ አገር ይየኝ ብዬ ነበር የሄድሁት። የደጋው ብርድ በሦስተኛው ቀን ከሳፋሪው ላይ ጋቢ አስደረበኝና ፋሽኔ በዚያው ቀረ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት ደብተር በሃምሳ ሳንቲም ይገዛ ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት አንድ ባለ ባትሪ ቴፕ ነበረው። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ የፍቅር ዘፈኑ ለቅሶ ይሆናል፤ ባለቤቱም ባትሪዎቹን አውጥቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። እስኪሞቁ ድረስ እኛ በዝምታ ሻያችንን እንጠጣለን። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ቆሟል። ከሁሉም ነገር በላይ ያቺን የሻይ ቤት በረንዳ ባላየኋት እላለሁ፤ ከሁሉም ነገር በላይ ደግሞ የምትናፍቀኝ እሷው ናት።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ከሩቅ ቀበሌ መጥተው አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ስንቅ ከቤት ይላክላቸዋል። እግራቸው ላይ ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ ጋቢ። በአንድ ክፍል ሰባ ይሆናሉ። ትምህርት ወዳጆች ነበሩ፤ ግን ብዙዎቹ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጡ ስለሆኑ ትምህርት ማለት ለነሱ በቃል መያዝ ነው። አንዱን አስነስቼ ምንባብ ሳስነብበው እንደ ውኃ ያወርደዋል። አንድ ቀን ጠርጥሬ መጽሐፉን ከፊቱ ዘጋሁት፤ ልጁ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ እስከ ገጹ መጨረሻ ማንበቡን ቀጠለ። ድርሰት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረ። ታላላቆቻቸው ያወረሷቸው አንድ ድርሰት አለ፤ «አዲስ አበባ አጎት አለኝ» ብሎ ይጀምራል። በዕረፍት ወደ አጎቴ እሄዳለሁ፣ አጎቴ ማኪና አለው፣ አንበሳ ያሳየኛል፣ ብዙ ተደስቼ እመለሳለሁ። ሰባ ደብተር ስከፍት ሰባ አጎት አገኛለሁ። ሰውየው የስንቱ ወንድም ቢሆን ነው እያልሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። አንድ የዋህ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ አዲስ አበባ አጎት የለኝም» ብሎ ባዶ ወረቀት ሲሰጠኝ ታዲያ «አጎት ባይኖርህ ፍጠር! ውሸትም ቢሆን ግድ የለም፣ እንግሊዝኛው ብቻ ይስተካከል» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ትልቅ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ያን ቃል በየክፍሉ ደጋገምሁት። ዛሬ በሕይወትህ ከተናገርኸው አንዱን ሰርዝ ቢሉኝ እሱን ነው የምሰርዘው።

ባንቺአምላክ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። የመጣችው ከድብ ባሕር ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። ድብ ባሕር ከኛ ከተማ ሊማሊሞን ሲወርዱ ነው፤ ልጅቱ ስንቋን አዝላ ያን ጠመዝማዛ በእግሯ ትወጣው ነበር። የአረንጓዴው ሹራቧ እጅጌ ረዝሞ ጣቷን ይሸፍናል፣ ስትጽፍ ብቻ ትሰበስበዋለች። ደብተሮቿን በጋዜጣ ለብዳ ነው የምትይዘው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ «የዕረፍት ጊዜ ዕቅዴ» በሚል ርእስ ድርሰት አዘዝሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ደብተር ሳርም፣ ሃያ ያህል አጎት ካለፍሁ በኋላ የሷ ገጽ መጣ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይል ነበር፦

«ለዕረፍት ዕቅድ የለኝም። አባቴ ለአንድ ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ከጥምቀት በኋላ ወደ ክፍል አልመለስም። ይህን በአማርኛ ብጽፈው ሰው ያነብብኛል፤ በዚህ ቋንቋ ግን በቤታችን የሚያነብ የለም። አባቴ መምህር ያከብራል። መምህር መጥቶ ቢያናግረው ይሰማል። ቤታችን ከወፍጮው በላይ፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ነው። ትምህርት እወዳለሁ።»

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ ነው ያለኝ። ከሃያ አጎት በኋላ የራሱን ነገር የፈጠረ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ፍጠሩ ያልሁትን የሰማችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት አልሁ። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ስሕተቷን አንድ በአንድ አሰመርሁበት፤ ዋርካውንና ወፍጮውን እንኳ እንደ ጥሩ ገለጻ ቆጥሬላት በጎኑ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ «ፈጠራሽ ግሩም ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁና ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኋት። አሥር የእግዜር ነው እያልሁ ለማንም አልሰጥም ነበር፤ ዘጠኝም ቢሆን ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መስጠቴ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ባትሪዎቹ ሞቀው ዘፈኑ እንደገና ሲጀምር፣ እኔ ትልቅ መምህር የሆንሁ መስሎኝ ሁለተኛ ሻይ አዘዝሁ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ «ዛሬ ድርሰት ምን እንደሆነ አሳያችኋለሁ» አልሁ። ባንቺአምላክን ቆመሽ አንብቢ ብላት ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። አፍራ ነው ብዬ ደብተሯን ይዤ ራሴ አነበብሁት፤ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እያሳመርሁ። ከዚያም ስሕተቱን እያስተካከልሁ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ጻፍሁትና ሁላችሁም ቅዱት አልሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ያን ጸጥታ አድናቆት ነው ብዬ ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፣ ወንዶቹ ይጽፋሉ፣ የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እሷ ደብተሯን ተቀብላ ገጹን ወዲያ ወዲህ ገለበጠችው፤ ከዚያ ዘግታ ተቀመጠች።

«አንቺስ አትጽፊም? የተስተካከለውን ያዥው እንጂ» አልኋት።

«አውቀዋለሁ ቲቸር» አለችኝ፤ በዚያ ዓመት ከአፏ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር እሱ ነው።

ዕረፍቱ መጣ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ሰሌዳውን ታኅሣሥ ላይ አጥፍቼው ነበር፤ ክፍሉ ሲከፈት በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ባዶ ሆነ። አንድ ሳምንት ብርድ ነው አልሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጌጡ የሚባለውን የአክስቷን ልጅ ጠርቼ ምን ሆና ቀረች ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ።

«ተድራለች እኮ ቲቸር። በጥምቀት ሳምንት።»

«እንዴ! ምነው ታዲያ አንዳችሁ እንኳ ሳትነግሩኝ?»

«ምን እንንገርዎ?» አለ ጌጡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ራስዎ ሰሌዳ ላይ ጻፉት እኮ።»

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ የሚሉት ነገር አለ፤ የኔ አልወደቀም። ጨብጬው ቆምሁ። ሲቆይ አየሁት፣ እጄ ውስጥ ዱቄት ሆኗል። በማግስቱ አስፈቅጄ ጌጡን ይዤ ሊማሊሞን ወረድሁ። ያን የመሰለ ገደል፣ ያን የመሰለ ጉም፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ የማየው ነበር፤ አላየሁትም። ቤቱ ከወፍጮው በላይ፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ነው። ጌጡ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ልጅቱ የጻፈችው አድራሻ አንድ እርምጃ አላሳሳተኝም። አባቷን አያ ደሴን ውድማ ላይ ጤፍ በበሬ ሲያሄዱ አገኘኋቸው። በሬዎቹን አቁመው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለኔ ለጎረምሳው ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ።

«ምነው መምህር፣ ዛሬ መጡ?» አሉኝ።

እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው።

«ልጅቱ እኮ መምህሬ ይመጣል፣ መምህሬ ያናግርሃል ስትል ነበር የከረመች። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አፋፉን ስታይ ዋለች። እኔም ሰው ይመጣል ብዬ ጠላ አስጠምቄ ጠበቅሁ። የመጣ የለም። እንግዲህ መምህሩም ፈቅዶ ነው አልሁ።»

«ብመጣ ኖሮስ አያ ደሴ?»

ሽማግሌው መንሹን መሬት ላይ ተከሉ። ዋሽተው ቢያሳርፉኝ ምን ነበረበት! «በሽማግሌ የተሰጠ ቃል በሽማግሌ ይለመናል» አሉ ተመርኩዘውት። «የመምህር አፍ ደግሞ ከሽማግሌ አያንስም። ዓመት ሁለት ዓመት ባቆየኋት ነበር። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።» ይህን ብለው ወደ ቤት ይግቡና አፍዎን ያርጥቡ አሉኝ። ከዚያው ለልጅቱ መምህር ከተጠመቀው ጠላ የተረፈውን ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁት። ባልየው ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ወስዷታል አሉኝ። እዚያ ድረስ ለመሄድ አሰብሁና ፈራሁ፤ ሄጄስ ምን ልላት ነው? ሊማሊሞን ስወጣ ጌጡ ወደፊት ወደፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እያለቀስሁ ነው የወጣሁት። ልቤ የተሰበረው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተጠገነ የሚለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ እንኳ ሰው ይረሳ ነበር። ግን ሰባ ልጆች ቀድተውታል፣ በዚያ አገር ደግሞ መምህር ሰሌዳ ላይ የጻፈው አይጣልም፣ ይወረሳል። በዓመቱ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ «አባቴ ለአንድ ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ፣ እኔ በር ከፍቼ ወጣሁ። ይህን ድርሰት ያመጣ ዜሮ ነው ብዬ አስጠነቀቅሁ፤ እኔ ጋ ቢቀር ሌላ መምህር ጋ ያቀርቡታል። ጎንደር ስዛወር ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ወፍጮው ወጣ፣ ዋርካው ወጣ፣ «መምህር መጥቶ ቢያናግረው» የሚለው ወጣ። እኔ በየዓመቱ የዚያችን ልጅ ድምፅ በሌላ ሰው የእጅ ጽሕፈት አርም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ፦ የተማሪ ደብተር መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ አነባለሁ፣ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ፣ ደብዳቤ እንደመጣለት ሰው። ቀዩ የሚወጣው በሁለተኛው ንባብ ነው። ጓደኞቼ ይህ ሰው ደብተር ሲያርም ያድራል እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ማንበብ እያስተማርሁ ማንበብ የማልችል ሰው ነበርሁ ብሎ መናገር ለመምህር ቀላል አይደለም።

ቤዛ ባመጣችው ጥራዝ ውስጥ ያለው ታዲያ ያው ነው፤ መጨረሻው ብቻ ተለውጧል። የትኛው ተማሪ፣ በየትኛው ዓመት ሁለቱን ድርሰት እንዳገናኛቸው አላውቅም። «አባቴ ለአንድ ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል» ይልና ዝቅ ብሎ «ስለዚህ አዲስ አበባ ወዳለው አጎቴ እሄዳለሁ፤ አጎቴ ማኪና አለው፣ አንበሳም ያሳየኛል፣ ትምህርቴንም እቀጥላለሁ» ይላል። መነጽሬን አወለቅሁ። እኔ ያላደረግሁላትን ያ በምድር ላይ የሌለ ሰውዬ አድርጎላታል። ቤዛ «አባባ፣ ምን ሆንህ?» ብትለኝ ዓይኔን አመመኝ አልኋት። ወዲያው ፒያሳ ወጥቼ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለውን ጌጡን ፈለግሁት። እሱም አርጅቷል። ባንቺአምላክ ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ድብ ባሕር ተመልሳ መንገድ ዳር እህል ትሸጣለች አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።

የኛ መንገድ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። ተከፍቷል ባሉኝ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ሄድሁ። ሊማሊሞን በማኪና ወረድሁ። ድብ ባሕር ላይ ሴትዮዋ ከማዳበሪያዎቿ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጤፍ ትሰፍራለች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ የሹራቧ እጅጌ ጣቷን ሸፍኖታል። ስሟን ስጠራ ቀና አለች።

«ኧረ! የቲቸር ድምፅ አይደለም ወይ?» ብላ ብድግ አለች። «ምነው እንዲህ አረጁ!»

አቧራ ያለበትን በርጩማ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ልጆቿን ቆጠረችልኝ፤ ትንሿ ጎንደር ነርስነት ትማራለች። እንግሊዝኛ ትንሽ እንኳ ቀረሽ ወይ ብላት «ወዲያ! ከሰሌዳው ጋር ጠፋ» ብላ ሳቀች። ወረቀቱን አወጣሁና ያንቺ ነው አልኋት። አላመነችም። በአማርኛ አነበብሁላት፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ሸጋ አድርጌ ጽፌ ነበርና!» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «አጎቴ ማነው? አዲስ አበባ ሄጄ ኖሯል እንዴ?» ብላ ከልቧ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት አንድ ደንበኛ መጣ፤ ሁለት ቁና ሰፈረችለት፣ ሸኘችው፣ እጇን አራገፈች። ቀና ብላ ስታየኝ ልል የመጣሁትን ያወቀችው መሰለኝ።

«ኧረ ይተዉት ቲቸር፣ ምን ሊያደርግልን» አለችኝ። «ልጅ ነበሩ እርስዎም። ዘጠኝ ሰጡኝ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ደስ አላቸው፣ እኔ ብቻ ነኝ ቁጥሩን ትቼ ገጹን የገለበጥሁት፤ መልሱ ከጀርባው ይሆናል ብዬ።»